የእምባቦን ጦር በሰንጠረዥ ላይ ማሰለፍ፦ ጠጠሮቹን በእጅ መሥራትና መቀባት ለጀማሪዎች

ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች መዋጋት በውጭው ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጨዋታ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ «ሊትል ዋርስ» የተባለውን የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነበር። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው ዋርሃመር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ምስሎቹን የሚያመርተው ጌምስ ወርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም ነው። ተጫዋቹ ያልተቀባ ፕላስቲክ ገዝቶ ይገጣጥማል፣ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል፣ ከዚያ ይጫወትበታል። የሮም ወታደርና የናፖሊዮን ፈረሰኛ በሽ ነው። የጉዱሩን ፈረሰኛ ግን ነቀምቴ፣ ጊምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ ሱቅ ገብቶ መግዛት አይቻልም። የሚፈልገው ሰው ራሱ መሥራት አለበት፤ ይህ ጽሑፍም ለእሱ የተጻፈ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው የጥንቱን የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ነው። እንደ ቼዝ 64 ቤትና 32 ጠጠር አለው። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። አፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ደግሞ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል፤ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ብዙ ያልተለፋባቸው እንደነበሩም ጽፏል። የጨዋታውን ታሪክና ሕግ እ.ኤ.አ. በ1971 ሰብስበው ያሳተሙት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ጠጠሩ በራስ ቤት እንኳ ወፍራምና ቀላል ከነበረ፣ እጁን ገና የሚያፍታታ ሰው የሚሠራው ወፍራም ጠጠር ከልማዱ አይወጣም።

ሰንጠረዥን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ጨዋታው ወረራ በሚባል ምዕራፍ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የፈለጉትን ያህል፣ በጥድፊያ ያንቀሳቅሳሉ። እጅ ከእጅ ይጋጫል፣ ጠጠር ይወድቃል። ስለዚህ የምንሠራው ጠጠር በእጅ ሊያዝ፣ ሊወድቅ፣ ሊነሳ የሚችል መሆን አለበት። ቀጭን እጅ ዘርግቶ ረጅም ጦር የያዘ ምስል መደርደሪያ ላይ ያምራል፤ ወረራ ላይ ግን አንድ ቀን አያድርም። ከዚህ በታች የምሰጠው የቅርጽ ምክር ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

ሰልፉን ከየት ላምጣ ለሚል የወለጋ ሰው መልሱ ደጁ ላይ ነው። እምባቦ ጉዱሩ ውስጥ፣ ዛሬ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ በሚባለው ዞን ይገኛል። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተዋጉት እዚያ ነው። የራስ ጎበና ዳጬ ፈረሰኞች የውጊያውን ሚዛን ወደ ሸዋ አጋደሉት፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። በሁለቱም ወገን የንጉሥነት ማዕረግ ያለው መሪ ነበር፣ በሁለቱም ወገን ፈረስ ነበር። ለሰንጠረዥ ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ውጊያ አላውቅም። በዚያ ሜዳ የወደቁት ግን የብዙ ቤተሰብ ቅድመ አያቶች ናቸው። ሁለቱንም ወገን በእኩል ክብር ይሥሩ፤ አንዱን አሳምሮ ሌላውን ማጣመም አይገባም።

ምን ይሰብስቡ?

ነቀምቴ ላይ የሌለ ነገር አያስፈልግዎትም። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነጩን የእንጨት ኮላ፣ ጥቂት ጀሶ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና ሱፐር ግሉ ይግዙ። ኤሌክትሪክ ከሚዘረጉ ሰዎች ዘንድ ቁርጥራጭ ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ አይጠፋም። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በቱቦ የሚሸጥ አክሪሊክ ቀለም ይፈልጉ። ካላገኙ፣ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም እና ለግድግዳ ማቅለሚያ የሚጨመሩት ትንንሽ የቀለም ጠርሙሶች ሥራውን ይሠራሉ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቡናማ ይበቃል። ሲንተቲክ ቀለም ግን አይግዙ፤ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ያብለጨልጫል፣ ብሩሹም ያለ ቲነር አይጸዳም።

ለሰፊ ቦታ አንድ መካከለኛ ብሩሽ፣ ለዝርዝር ደግሞ አንድ በጣም ቀጭን ብሩሽ ያስፈልጋል። ቀጭኑን የውበት ዕቃ መሸጫ ይጠይቁ፤ ለጥፍር ማስዋቢያ የሚሸጠው ብሩሽ ለምስል ፊት ከሚሸጡት ከብዙዎቹ ይሻላል። አንድ ያረጀ ብሩሽም አይጣሉ፣ ወደ ኋላ ይፈለጋል። ስቴኪኒ ይያዙ።

ለመቆሚያ የሚሆነው ቆርኪ ነው። የጠርሙስ ቆርኪ ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። በዓለም የምስል አምራቾች ዘንድ በብዛት ከሚሠራባቸው የመቆሚያ ልኮች አንዱም ይኸው 32 ሚሊሜትር ነው። የወለጋ ልጅ በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ኖሯልና ዕቃውን ያውቀዋል። ጥርሱ ያልተጣመመውን መርጠው ይጠቡት፣ ገልብጠው ውስጡን በወፍራም የጀሶ ሊጥ ይሙሉት። ጀሶው ክብደት ይሰጠዋል፤ ሳይጠጥር ደግሞ የምስሉን እግር ይይዛል።

ጭቃውን ከባለሙያ ይግዙ

ተራ የጓሮ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ገበያ ላይ ጀበናና ድስት የሚሸጡትን ሸክላ ሠሪ እናቶች ቀርበው፣ ለሥራ የተዘጋጀ ጭቃ፣ ሱጴ፣ እንዲሸጡልዎት ይጠይቁ። ለ32 ጠጠር ሁለት ኪሎ ከበቂ በላይ ነው። አፈሩን መርጠው፣ ነፍተው፣ አብኩተው ለሥራ የሚያበቁት እነሱ ናቸው፤ ዋጋ ሲጠሩ አይከራከሯቸው። ትንንሽ የሸክላ ምስል ሠርቶ መሸጥ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ለእንግዳ በሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎቿ ትታወቃለች። እነዚያ ምስሎች የተሠሩበት እጅ እንስራና ድስት የሚሠራው እጅ ነበር።

ጭቃው ለሥራ መድረሱን ለማወቅ በእርሳስ ውፍረት አድበልብለው ጣትዎ ላይ ይጠምጥሙት። ከተሰነጠቀ ደርቋልና ጥቂት ውኃ ነክረው ይሹት። እጅ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ርሷል፤ ለጥቂት ጊዜ ጨርቅ ላይ ያቆዩት። የማይሠሩበትን ክፍል በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ጠቅልለው ያኑሩ።

መጀመሪያ ደር፣ ቀጥሎ መደቅ

በንጉሥ አይጀምሩ። የሚጀመረው በደር ነው። የደር መልክ የግድ ይህ ነው የሚል ሕግ ስለሌለ፣ እኔ ጎጆ ቤት ቢሆን እመርጣለሁ፦ አንድ አጭር ድብልብል ግድግዳ፣ በላዩ ሾጣጣ ክዳን። በስቴኪኒ ከጫፍ ወደ ታች እየጫሩ ሣሩን ያውጡ፣ በር ይቅረጹ። አራቱን ደሮች ሲጨርሱ ጣትዎ የጭቃውን ጠባይ ለምዷል።

መደቅ 16 ነው፤ የሥራው ግማሽ እሱ ነው። ቁመቱን ሲደርቅ 4 ሴንቲሜትር እንዲሆን ያስቡ። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጥር፣ ሲሠሩት 4.5 ሴንቲሜትር ያድርጉት። የጀማሪ ፈተና እጅና ጣት ነው። ዘዴው እጅ አለመሥራት ነው፦ ግራ እጁን ጋሻው ይሸፍነዋል፣ ቀኝ እጁን ሸማው። አካሉን ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ድብልብል አድርገው ያቁሙ። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ክብ ጭንቅላት ይጨምሩ። መገናኛውን በሁለቱም በኩል በስቴኪኒ ጫር ጫር አድርገው፣ በውኃ የቀጠነ ጭቃ ቀብተው ይጫኑት። ሳይጫር የተጣበቀ ጭንቅላት ሲደርቅ ይወድቃል። ከዚያ ጭቃ በጠርሙስ ዳምጠው እንደ ጨርቅ ያሳሱና ከትከሻው ላይ ሸማ ያልብሱት፤ ሁለት ሦስት እጥፋት ብቻ፣ ግን ጥልቅ ይሁኑ። ጥልቅ እጥፋት ኋላ ቀለም ሲቀባ ጥላውን ራሱ ያወጣዋል። በመጨረሻ ክብ ጋሻ፣ መሐሉ እብጥ ያለ፣ ደረቱ ላይ ይለጥፉ።

አፍንጫና አፍ ለመቅረጽ አይድከሙ። አውራ ጣትና ሌባ ጣትዎን ቀስ አድርገው ፊቱ ላይ ቆንጠጥ ቢያደርጉ የአፍንጫ አጥንትና ሁለት የዓይን ጎድጓዳ ይወጣሉ። ይበቃል። የቀረውን ብሩሹ ይሠራል።

ፊል ማለት ዝሆን ነው፤ ዝሆን ደግሞ ለጭቃ የተመቸ እንስሳ ነው። አራት ወፍራም እግር፣ ወደ ደረት የተጠጋ ኩምቢ፣ ከአካሉ ያልራቀ ጆሮ። ኩምቢውን ወደ ፊት አይዘርጉት፣ ይሰበራል። ንጉሡንና ፈርዙን ከመደቅ ከፍ አድርገው በካባ ይሥሯቸው፤ ለንጉሡ ዘውድ፣ ለፈርዙ ጎፈር። የሸዋውን ፈርዝ ራስ ጎበና ቢያደርጓቸው ታሪኩም ጨዋታውም ይገጥማል።

የተሠራው ሁሉ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይድረቅ። በበጋ አንድ ሳምንት፣ በክረምት ሁለት ያስፈልጋል፤ ነቀምቴ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የማያጣው ከተማ ነው፤ በእነዚህ ወራት መቸኮል ምስል ያፈነዳል። ከውስጥ የቀረ እርጥበት እሳት ሲያገኝ እንፋሎት ይሆንና ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ የወፈረ ምስል ካለ ከሥሩ ጥፍር ያህል ይቦርቡሩት። ሲደርቅ ከድስታቸው ጋር አብረው እንዲተኩሱልዎት ጭቃውን ከሸጡልዎት እናት ጋር በክፍያ ይስማሙ። ውስጡ ሽቦ ያለበትን ምስል ግን ለእሳት አይስጡ። ጭቃው ሲያጥር ሽቦው ስለማያጥር ይሰነጠቃል።

ፈረስ በሽቦና በወረቀት

ቀጭን እግር ላይ የሚቆም ፈረስ በሸክላ አይሆንም። ስለዚህ አራቱን ፈረሶች በመዳብ ሽቦና በወረቀት ሊጥ እንሠራለን። በዚህ ክፍል ጊዜ ይስጡ፤ ሰው ሰንጠረዡን ሲያይ መጀመሪያ የሚያነሳው ፈረሱን ነው።

መጀመሪያ ልክ። የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ በውጭ ሥዕል የሚታየውን የአውሮፓ የጦር ፈረስ አይቅዱ። ሰውዎ 4 ሴንቲሜትር ከሆነ የፈረሱ ትከሻ ከመሬት 3.2 ሴንቲሜትር ይበቃዋል። ከደረት እስከ ታፋ ያለው ርዝመትም ያው 3.2 ነው። ጭንቅላቱ 1.3 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ሁለት ጭንቅላት ተኩል አንድ የትከሻ ቁመት ይሆናል። የትከሻው ቁመት ግማሽ ያህል እግር ነው። ይህን ልክ ወረቀት ላይ ሥለው ሽቦውን በሥዕሉ ላይ እያስተኙ ይጠምዝዙት፤ በዓይን ግምት የተሠራ ፈረስ ብዙ ጊዜ ውሻ መስሎ ይወጣል።

ሽቦውን ልጠው 9 ሴንቲሜትር ይቁረጡና ጭንቅላቱን፣ አንገቱን፣ ጀርባውንና ጅራቱን በአንድ መስመር ያውጡ። ሌሎች ሁለት 7 ሴንቲሜትር ሽቦዎችን መሐል ላይ አጥፈው አንዱን ለፊት እግሮች፣ አንዱን ለኋላ እግሮች በጀርባው ላይ ያንጠልጥሉና በቀጭን ሽቦ አጥብቀው ይሰሩ። ከእያንዳንዱ እግር ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ትርፍ ይኖራል፤ እሱ መቆሚያው ውስጥ ይገባል። የፊት እግር ቀጥ ይላል። የኋላ እግር ግን መሐሉ ላይ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ይህች መታጠፊያ ከሌለች ፈረሱ ጠረጴዛ ይሆናል።

ሊጡ እንዲህ ይዘጋጃል፦ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቀዳደው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያሳድሩ፣ በእጅ ፈጭተው ውኃውን በጨርቅ ጨምቀው ያውጡ። በአንድ እፍኝ የተጨመቀ ወረቀት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የእንጨት ኮላ ጨምረው ይሹ፤ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ጀሶ በጥቂት በጥቂቱ ይነስንሱ። ሽቦው ላይ መጀመሪያ ክር ጠምጥመው ኮላ ይቀቡት፣ ሊጡ እንዲይዝ። ከዚያ በስሱ ያልብሱት። አንድ ቀን ያድርቁትና ሁለተኛ ያልብሱ፦ ደረት፣ ታፋ፣ የአንገት ውፍረት። እግሩን ከጉልበት በታች አያወፍሩት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት።

ፈረሰኛው ወገቡ ድረስ በዚያው ሊጥ ይሠራል፤ ሸማው በፈረሱ ወገብ ላይ ወርዶ እግሩን ይሸፍን። ጋሻ ለግራው። ጦሩ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ፣ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሽቦውን ከጭንቅላቱ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ አያሳልፉት፣ ጫፉንም በመዶሻ ትንሽ ደፍጥጠው ያደንዝዙት፤ ወረራ ላይ ጣት አይወጋም። ለፈረስ ቆርኪ ይጠበዋል። ከእንጨት ቤት 3 በ4.5 ሴንቲሜትር የሆነ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ያስቆርጡ፣ አራት ቀዳዳ በስተው እግሮቹን በኮላ ያስገቡ። ዋንዛ፣ በኦሮምኛው ወዴሳ፣ ካገኙ እሱ ይመረጣል፤ ለቢላዋ ገር ነው።

ልብሱንና ጋሻውን በሐሳብ ከመሥራት ይልቅ አይቶ መሥራት ይሻላል። ነቀምቴ የወለጋ ሙዚየም አለ፤ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥትም እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። እርሳስና ደብተር ይዘው ይግቡ፣ ያዩትን የጨርቅ አወራረድና የእንጨት ሥራ ይንደፉ።

ቀለም

ደረቅ ምስሉን በሙሉ መጀመሪያ በአንድ ቀለም ይሸፍኑት፦ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ ጥቂት ቡናማ፣ ጥቂት የእንጨት ኮላ። ይህ መሠረት ካልተቀባ ሸክላውና ወረቀቱ ቀለሙን መጥጠው ያዥጎረጉሩታል።

የጀማሪ ሥራ የሚበላሸው ከሁሉ በላይ በወፍራም ቀለም ነው። ወፍራም ቀለም እጥፋቱን ይደፍናል፣ ፊቱን ያጠፋል፣ ሲደርቅም የብሩሹ መስመር ይቀራል። ቀለሙን በውኃ ሲያቀጥኑ በአሮጌ ጋዜጣ ይሞክሩት። አንዴ ቀብተው ከሥሩ ያሉት ፊደሎች ደብዘዝ ብለው ከታዩ ልኩ ነው። ፊደሉ ጭራሽ ከጠፋ ወፍሯል፤ ቀለሙ ከተንጠባጠበና ቀለበት ሠርቶ ከደረቀ ቀጥኗል። ስስ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ በየመሐሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ለቆዳ መልክ የውጭ መመሪያዎች እምብዛም አይጠቅሙን፤ ብዙዎቹ የተጻፉት ለነጭ ቆዳ ነው። ቡናማ ላይ ጥቂት ቀይ ይጨምሩና መሠረቱን ይቀቡ። ለጥላው ያንኑ ቀለም በትንሽ ሰማያዊ ያጥቁሩት። ብርሃን ለሚያርፍበት፣ ለግንባር፣ ለአፍንጫና ለጉንጭ፣ ነጭ አይጨምሩ፤ ነጭ የጠይምን ፊት አመድ ያስመስለዋል። ቢጫና ጥቂት ቀይ ይጨምሩበት፤ ፊቱ ይሞቃል። ለእያንዳንዱ መደቅ የቀለሙን ልክ ትንሽ ይለዋውጡ። ሠራዊቱ ከልዩ ልዩ ሰው የተሰበሰበ ነውና ይህ ልዩነት ሕይወት ይሰጠዋል።

ሸማ ነጭ ነው ብለው በነጭ አይጀምሩ። ሙሉውን በአመድማ ቡናማ ይቀቡት። ቀጥሎ ጥላ የሚያወርድ ውኃማ ቀለም ያዘጋጁ፦ አንድ እጅ ጥቁር ቡናማ፣ ስምንት እጅ ውኃ፣ ጥቂት ኮላ፣ አንድ ጠብታ ላርጎ። ላርጎው ቀለሙ እንዳይቋጠርና ወደ እጥፋቱ እንዲወርድ ያደርገዋል። ይህን በሸማው ላይ ያፍስሱት፤ በእጥፋቱ ውስጥ ይተኛል። ሲደርቅ ያረጀውን ብሩሽ ነጭ ቀለም ነክረው፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ በጨርቅ ይጥረጉት፣ ከዚያ በእጥፋቱ ጀርባ ላይ ቀስ እያደረጉ ይቦርሹ። ነጩ ከፍ ያለውን ብቻ ይነካል፣ ጎድጓዳው ጠቆር እንዳለ ይቀራል። ያኔ ጭቃው ጨርቅ ይሆናል። የሚቀረው በጠርዙ ላይ አንድ ቀጭን የጥለት መስመር ነው። ጋሻውን፣ ፈረሱንና ዝሆኑን በዚሁ ዘዴ ይሥሩ፤ የሚለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው።

አሁን ዓይን። በዚህ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የተሻለ አስተማሪ የለም። የአገራችን ባህላዊ ሥዕል ሰፊ ዓይን፣ ጥርት ያለ ጥቁር መስመርና ያልተቀላቀለ ቀለም አለው፤ ለዚህም ከሩቅ ይነበባል። ጠጠርም ከክንድ ርቀት ላይ ነው የሚታየው። በዚያ ርቀት በልኩ የተሣለ ዓይን ጨርሶ አይታይም፤ ከልኩ የሰፋ ዓይን ግን ሰውየውን ያነቃዋል። በሥዕሉ ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ጎን ፊት ይሣላሉ። እኛ ለሁለቱም ጦር ሁለት ሁለት ዓይን እንሰጣለን።

ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ ሁለቱን የእጅ አንጓዎች አጋጥመው ይያዙ፤ ምስሉና ብሩሹ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ እጅ ቢንቀጠቀጥም አይታወቅም። በዓይኑ ጎድጓዳ ላይ አንድ አግድም ጥቁር ቡናማ መስመር ያስምሩ። በመስመሩ ውስጥ ጥቁሩ ዙሪያውን እንዲቀር አድርገው ነጭ ያኑሩ። ሾል ባለ ስቴኪኒ ጫፍ ጥቁር ብሌን ይንኩ፤ ብሌኑ የላይኛውን መስመር ይንካ፣ አለዚያ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። ቅንድቡን በአንድ ምት ይሳቡ። ከተበላሸ በቆዳው ቀለም ሸፍነው እንደገና ይጀምሩ።

ይህን በመስኮት ብርሃን፣ በጠዋት ይሥሩት። ብሩሹን በአፍ ማሾል የብዙ ቀቢዎች ልማድ ነው፤ እርስዎ ግን አይልመዱት። ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖር ይችላል። በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተመረተ የቆየ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ካለ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት። ብሩሹን በሳሙና አጥበው፣ ጫፉን በጣት አሹለው፣ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርገው ያቁሙ።

መሬቱና ሰሌዳው

የወለጋ መሬት ቀይ ነው፤ የምስሎችዎ እግር ሥርም ቀይ ይሁን። ቀይ አፈር በወንፊት ነፍተው፣ ቆርኪው ላይ ኮላ ቀብተው ይነስንሱ። ቡና ተፈልቶ የቀረ አተላ በምጣድ ላይ በደንብ ከደረቀ ለጥቁር መሬት ይሆናል፤ ካልደረቀ ይሻግታል። ሣሩ ሰጋቱራ ነው፦ በአረንጓዴ ቀለም ነክረው፣ አድርቀው፣ እዚህም እዚያም በኮላ ይለጥፉ።

ሁለቱም ጦር ሸማ ለባሽ ስለሆነ በልብስ አይለይም። የሚለየው የቆርኪው ጥርስ ነው፦ የአንዱን ወገን ቀይ፣ የሌላውን ሰማያዊ ይቀቡ። በመጨረሻ አንድ እጅ ኮላ ከሦስት እጅ ውኃ ቀላቅለው ምስሉን በሙሉ በስሱ ይሸፍኑት፤ የእጅ ወዝ ቀለሙን እንዳይበላው።

የጥንቱ ሰንጠረዥ ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ መስመር ተሰፍቶበት ይሠራ ነበር። ከገበያ ቀይ ጨርቅ ገዝተው ለልብስ ሰፊ ይስጡ፦ 40 በ40 ሴንቲሜትር፣ በቁመትና በአግድም ዘጠኝ ዘጠኝ ጥቁር ጥብጣብ፣ እያንዳንዱ ቤት 5 ሴንቲሜትር። ፈረሱ ከነመቆሚያው በዚህ ውስጥ ይገባል።

አሰላለፉ እንዲህ ነው። ደር በሁለቱ ጥግ፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ቀጥሎ ፊል፣ መሐል ላይ ንጉሡ፣ በስተግራው ፈርዙ። በሁለቱም በኩል እንዲሁ ስለሚሰለፍ የእያንዳንዱ ንጉሥ ፊት ለፊት የሌላው ፈርዝ ይቆማል። ደር እንደ ቼዝ ሩክ፣ ፈረስም እንደ ቼዝ ፈረስ ይሄዳሉ። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፣ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፣ መደቅም ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ አንድ ቤት ነው። ወረራው እስኪያበቃ ተራ የለም።

ጠጠሮቹን በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በሰጋቱራ ላይ አስተኝተው ያኑሩ፤ ወደ ሻምቡ ወይም ወደ ነጆ በመኪና ሲጓዙ ካርቶኑን ጭንዎ ላይ ይያዙት። ትርፍ የመዳብ ሽቦ፣ ሱፐር ግሉና አንድ ቀጭን ብሩሽ አብረው ካርቶኑ ውስጥ ይሁኑ፤ ከወረራ በኋላ መጠገን ያለበት ጦር አይጠፋም።